መልስ፦ ሪቨርዳንስ እንዴት ተጀመረ?

«የአየርላንድ ባህላዊ ጭፈራ የሚቀርብበት ሪቨርዳንስ ከመነሻው ሙሉ የመድረክ ትርኢት ነበር ወይ?» ብለው ለጠየቁት፦ በፍጹም አልነበረም። ኤፕሪል 30 ቀን 1994 እ.ኤ.አ. በአየርላንድ ዋና ከተማ ደብሊን ውስጥ በተካሄደው ዩሮቪዥን የተባለ የአውሮፓ አገሮች የዘፈን ውድድር፣ ነጥብ እስኪቆጠር ድረስ ተመልካቹን ለማቆየት የቀረበ የሰባት ደቂቃ ያህል ጭፈራ ነበር። ሙዚቃውን የደረሰው ቢል ዊላን ሲሆን ማይክል ፍላትሊና ጂን በትለር በመሪ ተወዛዋዥነት ቀረቡ። እኔን እስከ ዛሬ የሚያስደንቀኝ መጨረሻው ነው፤ ተወዛዋዦቹ በአንድ መስመር ተሰልፈው፣ ከወገባቸው በላይ ቀጥ ብለው፣ መድረኩን በጫማቸው እንደ ከበሮ ሲደበድቡት አዳራሹ በጭብጨባ ብድግ አለ!

አዘጋጇ ሞያ ዶኸርቲ ያቺን አጭር ጭፈራ አስፋፍታ በፌብሩዋሪ 1995 እዚያው ደብሊን በሙሉ ትርኢትነት አቀረበቻት። በዚያው ዓመት ለንደን ገባ፤ በ1996 ደግሞ ኒውዮርክ። ፍላትሊ ግን ቀደም ብሎ ተለይቶ የራሱን ትርኢት አቋቁሟል።