ሁሉም «ጥሩ ነው» ሲላችሁ

ጥያቄ፦ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የምንኖር አራት ተማሪዎች ነን። የውሃ ፈረቃ የሚያስታውስ የስልክ አፕ ሠርተን፣ አፍሪካ አቀፍ በሆነው የሰውና ኮምፒውተር መስተጋብር (ሰዎች ኮምፒውተርና ስልክን እንዴት እንደሚጠቀሙ የሚያጠና ዘርፍ) ጉባኤ ላይ ልናቀርበው አስበናል። አንድ አፕ ለአጠቃቀም ምን ያህል ምቹ እንደሆነ የሚለካውን፣ ኤስ ዩ ኤስ የሚባለውን ባለ 10 ጥያቄ መጠይቅ 20 ጎረቤቶቻችን ሞሉልን። ሁሉም በቃል «ጥሩ ነው» አሉን፤ የብዙዎቹ ውጤት ግን ከ100 50 ሆነ። ስሌቱ ተሳስቶብን ይሆን?

መልስ፦ ስሌቱ ሳይሆን ይሉኝታ ነው የገባበት። ጆን ብሩክ እ.ኤ.አ. በ1986 ባዘጋጀው በዚህ መጠይቅ 1ኛ፣ 3ኛ፣ 5ኛ፣ 7ኛና 9ኛው ዓረፍተ ነገር አፑን ያሞግሳል፤ የቀሩት አምስቱ ይነቅፋሉ። ለእያንዳንዱ ከ1 (በጣም አልስማማም) እስከ 5 (በጣም እስማማለሁ) ይሰጣል። ከሚያሞግሱት መልስ ላይ 1 ትቀንሳላችሁ፤ የሚነቅፉትን መልስ ከ5 ላይ ትቀንሳላችሁ፤ ድምሩን በ2.5 ታባዛላችሁ። እንግዲህ ሰው እናንተን ላለማስቀየም ለአሥሩም «እስማማለሁ» ብሎ 4 ቢሰጥ 15 እና 5፣ በድምሩ 20 ይሆናል፤ በ2.5 ሲባዛ 50። ለሁሉም 3 ወይም ለሁሉም 5 ቢሰጥም ያው 50 ነው። አንድ ቁጥር ደጋግመው የተሞሉትን ወረቀቶች ለይታችሁ ስንት እንደሆኑ በግልጽ ጻፉ፤ አትደብቋቸው። 50 ማለትም «ግማሽ» ማለት አይደለም፤ የተለመደው አማካይ 68 ነው።

ከመጠየቅ ማየት ይሻላል። ሃያውን ሰው ባንድ ጊዜ አትጨርሱ፤ አምስት አምስት እያደረጋችሁ ፈትኑ፣ በየመሐሉ አፑን አስተካክሉ። የአጠቃቀም ምቹነት ተመራማሪው ያኮብ ኒልሰን አንድ ሰው ከችግሮቹ 31 በመቶውን ያገኛል ብሎ ሲያሰላ፣ አምስት ሰው ወደ 85 በመቶው ያደርሳል። ፈተናውን የሚመራው አፑን ያልሠራ ሰው ይሁን፤ «ልጆቻችን ለፍተው የሠሩት» ከተባለ ምርቃት እንጂ ትችት አታገኙም። ፈቃድ ከጠየቃችሁ በኋላ «የሚፈተነው አፑ ነው፣ እርስዎ አይደሉም» በሉ። ሰው አፑን ሲሞክር የሚያስበውን ጮክ ብሎ እንዲናገር ብትጠይቁት ብቻውን ለስልክ ማውራት ስለሚያሳፍረው፣ ሁለት ጎረቤታሞችን አንድ ስልክ አስይዟቸው፤ እርስ በርስ ሲከራከሩ ግራ የገባቸው ቦታ ራሱ ይወጣል። ሥራው አንድ ብቻ ይሁን፦ «ቀጣዩን የውሃ ሰዓት ፈልጋችሁ ማስታወሻ ሙሉ»። ጣታቸው የቆመበትን ስክሪን መዝግቡ። አትርዷቸው፤ ዝም ማለት ከባድ ቢሆንም ፈተናው ያለው እዚያው ላይ ነው።

ጥያቄ፦ «ማክሰኞ ሌሊት 8 ሰዓት» ብለን ብንጽፍ ገሚሱ ባልዲውን ይዞ አንድ ቀን ዘግይቶ ጠበቀ። ለምን?

መልስ፦ ለስልኩ ማክሰኞ የሚጀምረው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነው፤ ለሰፈራችሁ ሰው ደግሞ ጎህ ሲቀድ። «ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ ከሌሊቱ 8 ሰዓት» ብላችሁ ጻፉ፤ ማንም አይስትም። በአፑ ውስጥ ሰዓቱን በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት (ዩ ቲ ሲ) አስቀምጡ፤ ለአዲስ አበባ 3 ሰዓት ትደምራላችሁ፣ በስክሪኑ ላይ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ስታሳዩት ከዚያ ላይ 6 ትቀንሳላችሁ። የወር ዝርዝሩም 13 መሆን አለበት፤ ጳጉሜን የሌለበት መምረጫ በዓመቱ መጨረሻ አምስት ወይም ስድስት ቀን ይሰወርበታል።

ልታቀርቡበት ያሰባችሁት ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2016 ናይሮቢ፣ በ2018 ደግሞ በናሚቢያ ዋና ከተማ ዊንድሆክ ተካሂዷል። የሥራችሁ ክብደት በእኛ እምነት ከአፑ ይልቅ ይህቺ «አጥቢያ» ናት፤ ዊንድሆክ ላለ ተመራማሪ አዲስ ነገር ትነግረዋለች። ጽሑፉን በእሷ ጀምሩት።

ጥያቄ፦ ፖስተራችን ሲታተም ፊደሎቹ ባዶ ሳጥን ሆኑ።

መልስ፦ ማተሚያ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ የግዕዝ ፎንት የለም ማለት ነው። ፋይሉን ፎንቱን አካታችሁ ወደ ፒዲኤፍ ለውጡት። ኤ ዜሮ ወረቀት 84.1 በ118.9 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ሙሉውን ከማሳተማችሁ በፊት አንድ ገጽ በኤ ፎር አሳትማችሁ እዩ።