ፓስፖርቷ ከነማህተሙ ለጠፋባት እህት

እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። በዲቪ አሜሪካ መጥተሽ አምስት ዓመት ሞልቶሻል። የመግቢያ ማህተም ያለበት አሮጌው ፓስፖርት ቤት ስትቀይሪ ጠፋ። አንዱ ደግሞ «ያለ ማህተም ሲቲዝንሽፕ አይሰጡሽም» ብሎ አስደነገጠሽ። እኔም በዲቪ ነው የመጣሁት፤ ሲቲዝን ከሆንኩ ቆየሁ። ወንድሜ በሜክሲኮ ድንበር ገብቶ፣ በአሳይለም (በጥገኝነት) ወረቀት አግኝቶ፣ እሱም ሲቲዝን ሆኗል። ከሁለታችንም ያየሁትን ልንገርሽ።

በመጀመሪያ ተረጋጊ። ለኤን-400፣ ማለትም ለአሜሪካ ዜግነት ማመልከቻው፣ ዋናው ማስረጃሽ ግሪን ካርድሽ ነው። የሚታየው ግሪን ካርዱን በሕጋዊ መንገድ ማግኘትሽ ነው። ካርዱ ላይ ምድቡ (በምን መንገድ እንዳገኘሽው) እና ነዋሪ የሆንሽበት ቀን ተጽፏል። ከኤምባሲ ቪዛ አስመትቶ ለመጣ ሰው ያ ቀን አገር የገባበት ነው።

ሰውዬው ነገሩን ከሌላ ጉዳይ ጋር ቀላቅሎት ይሆናል። ሲቲዝን አግብቶ እዚሁ አሜሪካ ውስጥ ግሪን ካርድ የሚጠይቅ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በሕጋዊ መንገድ መግባቱን ማሳየት አለበት። ማህተምና አይ-94 (አገር የመግባት መዝገብ) የሚፈለጉት እዚያ ላይ ነው። ካፌ ውስጥ የሚሰጥ የሕግ ምክር ሁሌም እንዲህ ግማሹ እውነት ነው።

ማህተሙ ቢጠፋም ኢሚግሬሽን ዘንድ ፋይልሽ አለ። በእኔ ኢንተርቪው ኦፊሰሯ ወፍራም ፋይል ዘርግታ ነበር። ስትገልጥ ለዲቪ አዲስ አበባ የተነሳሁት ጉርድ ፎቶ ብቅ አለ፤ ከሲታ፣ ዓይኑ ያፈጠጠ ልጅ። ፈገግ አለችና ወዲያው «ያኔ አግብተህ ነበር?» አለችኝ።

ዋናዋ ጥያቄ ይቺ ናት። ዲቪ ሲሞላ ባል፣ ሚስት ወይም ከ21 ዓመት በታች ልጅ እያለው ያልጻፈ፣ ወይም በወረቀት ጋብቻ ሰው ይዞ የመጣ፣ ማህተሙ ቢኖርም ችግር ውስጥ ነው። ኤን-400 ስለ ትዳርና ስለ ልጆች ይጠይቃል፤ መልስሽን ከድሮው ፎርም ጋር ያስተያዩታል። ካልገጠመ ሲቲዝንሽፑ ቀርቶ ግሪን ካርዱም አደጋ ላይ ይወድቃል። እንዲህ ያለ ነገር ካለ ከማስገባትሽ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ አማክሪ። ፎርም የሚሞላልሽን ሰው አላልኩም፤ ጠበቃ።

የወንድሜ ደግሞ ይለያል። ድንበር ሲገባ ማንም ማህተም አልመታለትም። አሳይለም ያገኘ ሰው ግሪን ካርድ ሲጠይቅ ግን በሕጋዊ መንገድ ገብተሃል ወይ አይባልም። ካርዱ ላይ ያለው ቀንም ግሪን ካርዱ ከጸደቀበት ቀን አንድ ዓመት ወደኋላ ተቆጥሮ ነው የተጻፈው፤ አምስቱን ዓመት ከዚያ ነው የቆጠረው። ድንበር ላይ ታስሮ ስለነበር «ተይዘህ ታውቃለህ?» የሚለው ላይ «አዎ» ብሎ ሞላ። ጥያቄው በኢሚግሬሽን መያዝንም ይጨምራል። ብዙ ሰው እዚህ ጋ «እሱ እንኳ እስር አይደለም» ብሎ ያልፈዋል፤ ኋላ ዋሸህ ያስብላል።

አሁን አንቺ የምታደርጊው፦ በኤ ቁጥርሽ (ግሪን ካርድሽ ላይ ያለው የኢሚግሬሽን መለያ ቁጥር) የፋይልሽን ኮፒ ከኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ ከዩኤስሲአይኤስ በኦንላይን ጠይቂ። ፎያ ይባላል። ጊዜ ይወስዳል፣ ግን ያኔ ምን ብለሽ እንደሞላሽ ታያለሽ። የስምሽን አጻጻፍና ከኢትዮጵያ አቆጣጠር የተገለበጠውን የልደት ቀንሽን በደንብ አመሳክሪ፤ የእኛ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነው። ለኢንተርቪው ያሉሽን ፓስፖርቶች ሁሉ ያዢ፤ ስለጠፋው ከጠየቁሽ ጠፋ በይ፣ በቃ።

የጠፋው ግሪን ካርዱ ራሱ ከሆነ ግን አይ-90 የሚባለውን ፎርም ሞልተሽ ምትክ ጠይቂ። ኤን-400 ስታስገቢ የሚሰጥሽ ደረሰኝ ጊዜው ያለፈበትን ካርድ ነው የሚያራዝመው፤ የጠፋውን አይተካልሽም።