ድንኳኑ ከመኪናው ኋላ ሲቀጠል፦ የአንባቢዎች ጥያቄ

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። የ9 እና የ6 ዓመት ልጆች አሉኝ፤ በዚህ ሰመር ሸናንዶዋ ፓርክ ወስጄ ላሳድራቸው ቃል ገብቼላቸዋለሁ። መኪናዬ የ2019 ራቭ ፎር ነው። ከኋላ በሩ ጋር የሚያያዝ ድንኳን አየሁና ልገዛው ነው። እኔና ባለቤቴ መኪናው ውስጥ፣ ልጆቹ ድንኳኑ ውስጥ እንተኛለን ብለናል። «ሌሊት ከበረደ ሞተሩን አስነስተን እናሞቃለን» ትላለች ባለቤቴ። ይሆናል? ሌላስ ምን ማወቅ አለብኝ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከሞተሩ ልጀምር፣ ሌላው ይደርሳል። በፍጹም አይሆንም። የመኪናህ ጭስ ማውጫ የት እንዳለ ሄደህ እየው። ከኋላ፣ ከፓራውልቱ ስር ነው። ድንኳኑ የሚቀጠለውም እዚያው ነው፣ የኋላ በሩም ሌሊቱን ሙሉ ክፍት ነው። ሞተሩ ከተነሳ ጭሱ ልጆቹ ወደተኙበት ይገባል ማለት ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም፣ የተኛን ሰው ሳይቀሰቅስ ይገድላል። አገር ቤት ከሰል አስገብተው የተኙ ሰዎች ጠዋት ሳይነቁ ቀሩ ሲባል ያልሰማ የለም፤ ይሄም ያው ነው። ድንኳኑ እስከተቀጠለ ድረስ ለአምስት ደቂቃም ቢሆን፣ ስልክ ቻርጅ ለማድረግም ቢሆን፣ ሞተሩ አይነሳ።

የከሰል ምድጃም ሆነ የጋዝ ማሞቂያ ድንኳኑ ውስጥ አይገባም። ቡናው ውጭ፣ ራቅ ብሎ ይፈላ። ዝናብ ከመጣ ደግሞ ቡናው ይቅር፣ ነገም ቀን ነው። በባትሪ የሚሠራ የካርቦን ሞኖክሳይድ ጠቋሚ ግዛና ከምትተኙበት አጠገብ አድርገው። ጠቋሚ አለኝ ብለህ ግን ሞተር እንዳታስነሳ።

ታዲያ ብርዱስ? የባለቤትህ ስጋት ልክ ነው። ቢግ ሜዶውስ የሚባለው የካምፒንግ ቦታ ከፍታው ከ1,000 ሜትር በላይ ነው፣ አሌክሳንድሪያ ሙቀት ሲያነድህ እዚያ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። ብርድ ደግሞ የሚገባው ከላይ ሳይሆን ከስር ነው። በአየር የሚነፋ ፍራሽ ብቻውን አያሞቅም፣ ውስጡ ያለው አየር ራሱ ይበርዳል። ከላዩ ወፍራም ብርድ ልብስ አንጥፍ፣ ከዚያ ጋቢ ልበሱ። እኔ ብሆን ደግሞ ቦታ አቀያይራችሁ ነበር። ልጆቹ አጭር ስለሆኑ ወንበሩ ሲታጠፍ መኪናው ውስጥ ተዘርግተው ይተኛሉ፣ ከመሬትም ከፍ ይላሉ። እናንተ ድንኳኑ ውስጥ እግራችሁን ትዘረጋላችሁ። መስኮቶቹን ጣት የሚያስገባ ያህል ክፈት። አለዚያ የአራት ሰው ትንፋሽ መስታወቱ ላይ ውሃ ሆኖ ጠዋት ፍራሹ ላይ ይንጠባጠባል።

አሁን ወደ ድቡ። ሸናንዶዋ ጥቁር ድብ አለ፣ ፓርኩም ምግብ ተቆልፎ እንዲቀመጥ ያስገድዳል። ሰው ሁሉ «መኪና ውስጥ አስቀምጠዋለሁ» ይላል፣ ለሌላው ካምፐር ልክ ነው። ያንተ መኪና ግን ኋላው ክፍት ነው! በድንኳን ጨርቅ የተሸፈነ በር ለድብ በር አይደለም። የዶሮ ወጡ ሽታ ደግሞ ስንት ርቀት እንደሚሄድ አንተም ታውቃለህ። የካምፒንግ ቦታው የምግብ ማስቀመጫ ሳጥን ካለው እዚያ ቆልፍበት። ከሌለው ምግቡ አብሯችሁ በመጣ ሌላ ሰው መኪና ውስጥ ተቆልፎ ይደር። ያም ካልሆነ ማታ ድንኳኑን ከመኪናው ጋር የሚያያይዘውን እጅጌ መሰል ጨርቅ ፈትታችሁ፣ በሩን ዘግታችሁ፣ ምግቡን መኪናው ውስጥ ቆልፋችሁ፣ አራታችሁም ድንኳኑ ውስጥ እደሩ። ለዚህም ስትል ስትገዛ ያለ መኪናው ብቻውን የሚቆም ዓይነት ይሁን፤ ቀን ላይ ወጣ ብላችሁ ስትመለሱም ድንኳኑ ቦታውን ይዞ ይጠብቃችኋል። ምግብ ስል እንጀራው ብቻ አይደለም፣ የጥርስ ሳሙናም፣ ቅባትም፣ ልጆቹ ኪስ ውስጥ ያለ ከረሜላም አብሮ ይቆለፍ።

ስለ አተካከሉ። ድንኳኑ አፉ ላይ እንደ እጅጌ ያለ ጨርቅ አለው፣ ጠርዙ ላስቲክ ነው። የተከፈተውን በር ከላይ ያለብሰውና በገመድና በመንጠቆ ይወጠራል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በሩ ጫፍ ላይ ሲያስቀረው ነው። መጀመሪያ ጊዜ ሳድርበት እኔም እንደዚያ አድርጌው ሌሊት ዘነበ። ውሃው በጣሪያው ላይ ወርዶ በሩ ማጠፊያ ጋ ባለው ክፍተት ገባና ቀጥታ ጋቢዬ ላይ። እጄን ሳስቀምጥበት እንደታጠበ ልብስ ነበር። እጅጌው ማጠፊያውን አልፎ ወደ ጣሪያው ፊት መሄድ አለበት፣ ገመዱም ከፖርቶመጋላው ጋር ይታሰር። ከፓራውልቱ ስር የሚቀረውን ክፍተት በፎጣ ወይም በብርድ ልብስ ድፈነው፣ ትንኝ የሚገባው በዚያ ነው።

ባትሪውንም አትርሳ። የኋላ በሩ ክፍት ሲያድር የውስጥ መብራቱ ሊበራ፣ መኪናውም እንደነቃ ሊቆይ ይችላል። መብራቱን ከማብሪያው አጥፋው። ካልጠፋልህ በሩ ላይ ያለውን የመቆለፊያ ምላስ በካቻቢቴ ገፋ አድርገህ «ቀጭ፣ ቀጭ» ሲል መኪናው በሩ የተዘጋ ይመስለዋል። ጠዋት ግን በሩን ከመዝጋትህ በፊት የበር መክፈቻውን ተጫን፣ ያለዚያ ምላሱ ሊጎዳ ይችላል። የማስነሻ ኬብልም ያዝ።

ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ቅዳሜ ሰፊ ቦታ ላይ ከልጆቹ ጋር ትከሉት። በብርሃን ግማሽ ሰዓት የፈጀ ነገር በጨለማ ሁለት ሰዓት ይፈጃል።

ጥያቄ፦ እኔ ያለሁት አዲስ አበባ ነው። እህቴ ከአሜሪካ እንዲህ ዓይነት ድንኳን ላከችልኝ። መኪናዬ የ2005 ራቭ ፎር ነው፣ ስኮርት ጎማው ኋላ በሩ ላይ ነው። ላንጋኖ ልንሄድ ስንል ባለቤቴ «አይገጥምም» አለኝ። እውነቱን ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ እውነቱን ነው። እነዚህ ድንኳኖች የሚሠሩት ወደ ላይ ለሚከፈት በር ነው። ያንቺ እንደ ቤት በር ወደ ጎን ነው የሚከፈተው፣ ጎማም ተሸክሟል። ራቭ ፎር ወደ ላይ የሚከፈት በር ያገኘው ከ2013 ሞዴል ጀምሮ ነው። ቪትዝ እንኳ ያላት በሯ ወደ ላይ ስለሆነ ከአንቺ ይሻላታል፣ ምንም እንኳ እጅጌው ቢሰፋባትም።

ግን አትጣይው። ብቻውን መቆም የሚችል ከሆነ ከመኪናው ጎን ተክለሽው አንድ ሸራ ከፖርቶመጋላው እስከ ድንኳኑ ድረስ ወጥሪበት፣ ጥሩ ጥላ ይሆናል። ላንጋኖ ዳር አሸዋ ስለሆነ ካስማ አይዝም። ባዶ ማዳበሪያ ይዘሽ ሂጂ፣ አሸዋ ሙይውና ገመዱን እሱ ላይ አስረሽ ቅበሪው። ድንኳኑ ከሌለበት በኩል ያለውን የመኪናውን ጎን ነፋሱ ወደሚመጣበት አዙሪ፣ ድንኳኑ ከለላ ያገኛል። ከሰሉን ደግሞ ለአባትየው እንዳልኩት፣ ውጭ።