ባንድ ይሆነኛል ወይ ላልሽው

እህቴ፣ ቁመትሽ 1.65 ሜትር፣ ክብደትሽ 102 ኪሎ እንደሆነና ስኳር እንዳለብሽ ጽፈሽ «የጨጓራ ባንድ ላስደርግ ወይስ ይቅርብኝ?» ብለሻል። በመጀመሪያ ቁጥሩን እንየው። ክብደትሽን ቁመትሽ በራሱ ተባዝቶ ለሚመጣው ስታካፍይው ቢኤምአይሽ (የክብደትሽና የቁመትሽ ምጥጥን) 37.5 ገደማ ይሆናል። ለብዙ ዓመታት ሲሠራበት የነበረው መስፈርት 40 እና ከዚያ በላይ፣ ወይም ተጓዳኝ በሽታ ካለ 35 ነበር። ስለዚህ መስፈርቱን ታሟያለሽ። ቁጥሩ ግን ለክብደት ቀዶ ሕክምና ትታያለሽ ማለቱ ነው እንጂ ባንድ ይሻልሻል ማለቱ አይደለም። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ባንድ ከሲሊኮን የተሠራ ቀለበት ነው። በትንንሽ ቀዳዳ ገብቶ የጨጓራን የላይኛውን ክፍል ያንቃል፤ ከቀለበቱ በላይ ከ15 እስከ 30 ሚሊ ሊትር የሚይዝ፣ ከሁለት የሾርባ ማንኪያ የማይበልጥ ኪስ ይቀራል። ከቀለበቱ የሚወጣው ቀጭን ቱቦ ሆድሽ ላይ ከቆዳ ሥር ካለ ፖርት ጋር ይገናኛል። ሐኪሙ በልዩ መርፌ በፖርቱ በኩል የጨው ውሃ ሲጨምር ቀለበቱ ይጠብቃል፣ ሲቀንስ ይላላል። ጨጓራ አይቆረጥም፣ አንጀት አይነካም። «ቀላሉ እሱ ነው» የሚባለውም ለዚህ ነው፤ ለቀዶ ሕክምናው ቀን እውነት ነው፣ ከዚያ በኋላ ላሉት ዓመታት ግን አይደለም።

ምክንያቱም ባንድ በገባ ማግስት ሥራውን አይጀምርም። የመጀመሪያው ሙሌት ከ4 እስከ 6 ሳምንት ቆይቶ ነው፤ ከዚያም ልኩ እስኪገኝ በየጊዜው ጥቂት ጥቂት እየተጨመረ ይሄዳል። የሚሞላልሽ ሰው ሩቅ ከሆነ፣ ወይም የክትትሉን ወጪ የማትችይው ከሆነ፣ ሌላውን ሳታይ ተዪው። ክትትል የሌለው ባንድ ሆድ ውስጥ የተቀመጠ ፕላስቲክ ነው።

ቀጥሎ የአበላልሽን ነገር እዪ። ለሁለት ሳምንት የበላሽውንና የጠጣሽውን በሰዓቱ ጻፊ። ክብደትሽ የመጣው ሰሃን ሙሉ ምግብ ደጋግመሽ በማንሳት ከሆነ ባንድ ሊያግዝሽ ይችላል። ከለስላሳ፣ ከጁስ፣ ከአይስክሬምና ከቸኮሌት ከሆነ ግን አይከላከልልሽም፤ ፈሳሽና የሚቀልጥ ነገር በቀለበቱ ሾልኮ ያልፋል። ክብደት አልቀንስ ባለ ቁጥር ባንዱን ማጥበቅም መፍትሔ አይደለም። ሲበዛ የጠበቀ ባንድ ሥጋና አትክልት አላሳልፍ ስለሚል ሰው ሳያስበው ወደ ጣፋጩ ይዞራል፤ ያኔ እያስመለሱ መወፈር ይመጣል።

ጉርሻሽ የአተር ፍሬ ያህል ይሆናል፤ እስኪልም ታኝኪያለሽ፤ አንዱ ሳይወርድ ሌላ አትጨምሪም። ከምግብ ጋር መጠጣት የለም፤ ከበላሽ በኋላም ግማሽ ሰዓት ያህል ትቆያለሽ። ትኩስ ዳቦና ክር ያለው ሥጋ ቶሎ ይቀረቀራሉ። ሲቀረቀር ደረት መሃል ይጨንቃል፣ አረፋ የመሰለ ምራቅ አፍ ይሞላል፣ ከዚያ ይመለሳል። አልፎ አልፎ ቢያጋጥም ከችኮላ ነው። ውሃ እንኳ አልወርድ ካለ፣ ወይም ሌሊት ቃርና ሳል ከቀሰቀሰሽ ግን ባንዱ ጠብቋል ወይ ጨጓራው በቀለበቱ ውስጥ ወደ ላይ ተንሸራቷል፤ በዚያው ቀን ሄደሽ ፈሳሹ ይውጣልሽ። ቀለበቱ የጨጓራን ግድግዳ በልቶ ወደ ውስጥ የሚገባበት፣ ፖርቱ የሚገለበጥበት፣ ቱቦው የሚያፈስበትም ጊዜ አለ። በእነዚህ ምክንያት ብዙ ባንዶች ከዓመታት በኋላ ወጥተዋል፤ ብዙ ሐኪሞችም ዛሬ ወደ ስሊቭ (አብዛኛው ጨጓራ ተቆርጦ ወደሚወጣበት) እና ወደ ባይፓስ (ጨጓራው አንሶ ምግቡ የአንጀቱን መጀመሪያ ዘሎ ወደሚያልፍበት) ቀዶ ሕክምና ያዘነበሉት ለዚህ ነው።

ስለሚቀንሰው ኪሎ ደግሞ በእጅሽ አስዪው። ለቁመትሽ የቢኤምአይ 25 ክብደት 68 ኪሎ ነው፤ ትርፉ 34 ኪሎ ነው። ባንድ በሁለት ዓመት በአማካይ ከትርፉ ከ40 እስከ 50 በመቶ ያወርዳል፤ ይህም ከ14 እስከ 17 ኪሎ ይሆናል። ባይፓስ ከዚህ የበለጠ ያወርዳል፣ ስኳርንም በተሻለ ይቆጣጠራል፤ ነገር ግን ዕድሜ ልክ ቫይታሚን መውሰድ ያስገድዳል። የአንቺ ዋና ጭንቀት ስኳሩ ከሆነ፣ እኔን ብትጠይቂኝ ከባንዱ በፊት ስለ ባይፓስ እንዲያስረዱሽ አድርጊ። ስሊቭ ደግሞ ከባድ ቃር ላለበት ሰው አይመከርም፤ ቃርን ሊያብስ ይችላል።

ትልቅ የድያፍራም ሄርኒያ (ጨጓራ ወደ ደረት ሾልኮ የሚወጣበት)፣ የምግብ ቧንቧ የመዋጥ ችግር፣ ክሮንስ (ሥር የሰደደ የአንጀት መቆጣት)፣ የጉበት ሲሮሲስ (ጉበት ጠባሳ ሆኖ መጠንከሩ)፣ ወይም ሕክምና ያላገኘ በልቶ የማስመለስ ችግር ካለ ባንድ አይሆንም። ሲጋራ ካለ አስቀድሞ ይቁም፤ እንደ አይቡፕሮፌን ያሉ ማስታገሻዎችንም ሐኪሙ ሳያውቅ አትውሰጂ፣ ጨጓራን ያቆስላሉ። ልጅ ለመውለድ ካሰብሽም ንገሪያቸው፤ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ከ12 እስከ 18 ወር መቆየት ይመከራል፣ በእርግዝና ጊዜ ግን ባንዱን ማላላት ይቻላል።

ሐኪሙ ጋ ስትቀርቢ «ስንት ባንድ አስገብተሃል?» ብቻ ብለሽ አትመለሺ። «ስንቱን አወጣህ? በምን ምክንያት? ሌሊት ውሃ አልወርድ ቢለኝ የባንዱን ፈሳሽ ማን ያወጣልኛል?» በዪው። ካስገባሽ ደግሞ የባንዱን ዓይነት፣ የሚይዘውን መጠንና የተሞላውን ሚሊ ሊትር ጽፈው ይስጡሽ፤ ሌላ ቦታ ሕክምና ብትፈልጊ መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ ነው።