ቁልፉን ከመቀበላችሁ በፊት

ልጆቼ፣ ዓርብ ከሰዓት ከወረዳ ደብዳቤ መጣልኝ። ሰኞ ጠዋት ርዕሰ መምህር ሆንኩ። ስለ አመራር የወሰድኩት አንድም ኮርስ አልነበረም። የተሾምኩት ሒሳብ ጥሩ ስለማስተምር ብቻ ነው። ማኅተሙንና ቁልፉን ተረክቤ ሥራ ጀመርኩ።

በዚያው ዓመት ሦስት ጀማሪ መምህራን ተመደቡልን። ነባሮቹ ቀለል ያለውን ክፍል ቀድመው ይዘውታል። ለጀማሪዎቹ የተረፋቸው 70 ተማሪ የታጨቀበት ክፍልና በሳምንት 30 ክፍለ ጊዜ ነው። የተለመደ ነው ብዬ ድልድሉ ላይ ፈረምኩ። አንዷ የፊዚክስ መምህርት ኅዳር ላይ ቢሮዬ መጣች። «አንድ ቀን ክፍሌ ገብተው ቢያዩኝ» አለችኝ። እሺ አልኳት። ሪፖርቱና ስብሰባው ሲያዋክበኝ፣ አንድ ቀን እንኳን ሳልገባላት ዓመቱ አለቀ። መስከረም ላይ አልተመለሰችም፤ ባንክ ገባች ተባለ። ሁላችንም «ደመወዙ ነው» አልን። ደመወዙ በእርግጥ አይበቃም። እኔ ግን ያቺን የኅዳር ቀን እስከ ዛሬ አልረሳኋትም።

ነገሩ በደንብ የገባኝ በኋላ ነው፤ ክረምት ክረምት የትምህርት ቤት አመራር ስማር። የትምህርት ቤት አመራር ተመራማሪው ኬኔት ሌይትውድና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጡት ጥናት፣ ትምህርት ቤት ውስጥ ካሉ ነገሮች ለተማሪው መማር ከክፍል ማስተማር ቀጥሎ የሚመጣው አመራሩ ነው ይላሉ። የርዕሰ መምህሩ ሥራ ተማሪው ዘንድ የሚደርሰውም በአብዛኛው በመምህሩ በኩል ነው። ዩኔስኮ እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ድረስ ዓለም 44 ሚሊዮን ተጨማሪ መምህራን ያስፈልጓታል ብሏል፤ 15 ሚሊዮኑ ከሰሃራ በታች ላለችው አፍሪካ ነው። በዓለም ዙሪያ በአንደኛ ደረጃ በዓመት ሙያውን የሚለቁት መምህራን እ.ኤ.አ. በ2015 ከመቶ 5 አይሞሉም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 ከመቶ ወደ 9 ደረሱ። ኮሌጆቻችን ምንም ያህል ቢያስመርቁ፣ የገባው እንዲህ ከወጣ ጉድለቱ በምን ይሞላል?

ጀማሪ ከሆናችሁ፣ የመጀመሪያዎቹ 2 ዓመታት በነባር መምህር ታግዛችሁ የምትሠሩባቸው ናቸው። መመሪያው ላይ አለ። ፎርም ሞልቶ የሚፈርምላችሁን ሳይሆን ክፍላችሁ ገብቶ የሚያያችሁን ሰው ጠይቁ። እምቢ ቢሏችሁም ደግማችሁ ጠይቁ።

ሹመት ሲመጣ ደግሞ፣ እባካችሁ፣ «ሥልጠናው መቼ ነው?» በሉ። ድልድል ስታወጡ ከባዱን ክፍል ለጀማሪ አትስጡ። እኔ በመጨረሻዎቹ ዓመታት ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት ቢሮዬን ቆልፌ የጀማሪዎች ክፍል እገባ ነበር። ከወረዳ ሲደወል ጸሐፊዋ «ክፍል ናቸው፣ ከሰዓት ይደውሉ» ትላለች።