ውሻሽን ለማስመዝገብ መጀመሪያ ወደ እንስሳት ክሊኒክ ሂጂ፣ ቀበሌው ይቀጥላል

እህቴ፣ ጥያቄሽን ትናንት ማታ አነበብኩት። ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ብርሃን በሥራ ተዛውረሽ ልትመጪ ነው፤ የሁለት ዓመት ውሻ አለሽ፤ የምትከራዪው ግቢም ተገኝቷል። ውሻውን ቀበሌ ማስመዝገብ ግዴታ ነው ወይ፣ ፈቃድ የሚባል ነገር ካለ የት ይወጣል፣ ለበዓል መንዝ፣ መሃል ሜዳ ከተማ ቤተሰብ ጋ ስሄድ ይዤው ብሄድስ ብለሻል። የተሰጡሽን መልሶችም አየኋቸው። ግማሹ «እዚህ አገር ማን ውሻ ይመዘግባል» ይላል፤ ግማሹ «ቀበሌ ሂጂ» ብሎ ያልፋል። እኔ ሳላስመዝግብ ኖሬ የደረሰብኝንም አስመዝግቤ ያተረፍኩትንም ስለማውቅ ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ።

በ2009 ዓ.ም. እዚሁ ሰሜን ሸዋ ውስጥ በሌላ ትንሽ ከተማ እንኖር ነበር። ልጆቼ ከቡችላነቱ ያሳደጉት ነብሮ የሚባል ውሻ ነበረን። በከተማው ባለቤት የሌላቸው ውሾች በዝተው ሰው መንከስ ስለጀመሩ «ውሻ ያላችሁ እሰሩ፣ ከዛሬ ማታ ጀምሮ መድኃኒት ይጣላል» ተብሎ በድምፅ ማጉያ ተነገረ። እኛ የእናቴን ተዝካር ልናወጣ ገጠር ሄደን ስለነበር አልሰማንም። ቤት የሚጠብቅልን ልጅ ማታ በሩን ሲከፍት ነብሮ ሾልኮ ወጣ። በማግስቱ ወፍጮ ቤቱ አጠገብ ሞቶ ተገኘ፤ በሥጋ የተደረገውን መርዝ በልቶ ነው። ልጆቼ ሳምንቱን ሙሉ ምግብ በወጉ አልበሉም።

ቢሮ ድረስ ሄድኩ። የተቀበለኝ ሰው አልተቆጣኝም፣ አላመናጨቀኝም። «ያንተ ለመሆኑ ምን ማስረጃ አለህ? አንገቱ ላይስ ምን ነበረ?» ብቻ ነው ያለኝ። አንገቱ ላይ ምንም አልነበረም። የክትባት ካርድ የለው፣ ማሰሪያ የለው፣ የኔ መሆኑን የሚናገር አንዲት ወረቀት የለ። መርዙ የተጣለበት መንገድ እስከዛሬ ያመኛል፤ ውሻ እንደዚያ ተሰቃይቶ መሞት የለበትም። ግን ሰውዬው ለጠየቀኝ ጥያቄ መልስ አልነበረኝም።

ደብረ ብርሃን ከገባን በኋላ በ2012 ዓ.ም. አሁን ያለውን ቦቢን ወሰድን። ያኔ እንደማንኛውም ሰው መጀመሪያ የሮጥኩት ቀበሌ ነበር። ጸሐፊዋ ጨዋ ሴት ናት፤ «የውሻ መመዝገቢያ ቅጽ የለንም» አለችኝ። እውነቷን ነበር። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው ተስፋ ቆርጦ የሚመለሰው። ያዋጣኝ መንገዱን መገልበጥ ነው፦ መጀመሪያ የእንስሳት ክሊኒክ፣ ቀጥሎ ቀበሌ። ውሻን ውሻሽ የሚያደርገው ዋናው ወረቀት የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ካርድ ነው። ቀበሌም ጤና ጣቢያም ፖሊስም መጀመሪያ የሚጠይቅሽ እሱኑ ነው።

ካርዱን ስታወጪ ችኩል አትሁኚ። የውሻው ስም፣ ፆታው፣ ዕድሜው፣ ቀለሙና ልዩ ምልክቱ ይጻፍ። ቦቢ ደረቱ ላይ ነጭ አለው፤ እሱን አስጽፌያለሁ። ያንቺ ሙሉ ስምና ስልክ ይኑርበት። ክትባቱ የተሰጠበት ቀንና የሚቀጥለው ቀን፣ የሐኪሙ ፊርማና ማህተም ሳይኖር ካርዱን ተቀብለሽ እንዳትወጪ። የክትባቱ መለያ ቁጥር ያለባት ትንሽ ወረቀት ከብልቃጡ ላይ ተልጣ ካርዱ ላይ ብትለጠፍልሽ ደግሞ ማንም አይከራከርሽም። ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ በሆነ ቅዝቃዜ የሚቀመጥ ስለሆነ ከፍሪጅ ሲወጣ ማየት መብትሽ ነው። አንድ ብልቃጥ ለብዙ ውሻ ስለሚበቃ ለአንድ ውሻ ብቻ መክፈት የማይፈልጉበት ቀን አለ፤ ደውለሽ ቀኑን ጠይቂ። እኔ ያኔ የከፈልኩት ከአንድ ኪሎ ሥጋ ዋጋ ያነሰ ነበር።

ቡችላ ከሆነ ሦስት ወር ሲሞላው ነው የሚከተበው፤ ከዚያ በየዓመቱ ይታደሳል። ያንቺ ሁለት ዓመቱ ስለሆነ አዲስ አበባ ተከትቦ ከሆነ ካርዱን ፈልጊና ቀኑን እዪ። ዓመት ካለፈው ከመነሳትሽ በፊት እዚያው አስከትቢው። ጨርሶ ተከትቦ የማያውቅ ከሆነ የመጀመሪያው ክትባት እስኪሠራለት ሦስት አራት ሳምንት ስለሚፈልግ ዕቃሽን የምትጭኚበትን ቀን አትጠብቂ።

ካርዱ ከተያዘ በኋላ ቀበሌ የምትሄጂው ቅጽ ለመሙላት ሳይሆን ማመልከቻ ለማስገባት ነው። እኔ እንዲህ አደረግኩ። «በዚህ ቤት ቁጥር የምኖር፣ ይህን የሚመስል ውሻ ለቤት ጥበቃ የማሳድግ መሆኔን አሳውቃለሁ» የሚል የአንድ ገጽ ደብዳቤ በሁለት ቅጂ ጻፍኩ። የካርዱን ኮፒ፣ የመታወቂያዬን ኮፒና የውሻውን ፎቶ አያያዝኩ። መዝገብ ቤት አስገብቼ በእኔ ቅጂ ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን ተጽፎበት ማህተም ተመታበት። በቃ። «ፈቃድ» የሚል ርዕስ የለውም፤ ግን በዚህ ቀን ውሻዬን ለመንግሥት አካል አሳውቄያለሁ የሚል ማስረጃ ነው። ክትባቱን ባደስኩ ቁጥር አዲሱን ገጽ ኮፒ አድርጌ ፋይሉ ውስጥ እንዲገባ እሰጣለሁ። የምትገቢበት ቀበሌ የራሱ ቅጽ ወይም መመሪያ ካለው ደግሞ በደስታ እሱን ሙዪ፤ ደብዳቤው አይጎዳሽም።

ይህ ሁሉ ድካም ምን ይጠቅማል ካልሽኝ፣ በ2015 ዓ.ም. ክረምት የሆነውን ስሚ። የጎረቤታችን የስምንት ዓመት ልጅ ኳሱ ግቢያችን ገብታበት በአጥር ሲዘል ቦቢ ባቱ ላይ ነከሰው። ጥርሱ ዘልቆ ገብቷል፤ ደም ነበረ። ባለቤቴ ልጁን ወዲያው ቧንቧ ሥር አስቀምጣ ቁስሉን በሚፈስ ውኃና በሳሙና ሩብ ሰዓት ሙሉ አጠበችው። እህቴ፣ ሌላውን ሁሉ ብትረሺ ይህን እንዳትረሺ። ቫይረሱ የሚገባው በምራቁ ስለሆነ መጀመሪያ የሚያድነው ይህ እጥበት ነው። ቡና፣ ቅጠል፣ አመድ ቁስል ላይ አይደረግም።

ጤና ጣቢያ ስንደርስ የመጀመሪያው ጥያቄ «ውሻው የታወቀ ነው?» የሚል ነበር። ሁለተኛው «ተከትቧል?» ካርዱን ከኪሴ አወጣሁ። ሐኪሙ ቀኑን አየ፣ መለያ ቁጥሩን አየ፣ የልጁ እናት ፊት ላይ የነበረው ድንጋጤ ትንሽ ሲረግብ አየሁ። ቢሆንም ለልጁ ክትባቱን በዚያው ቀን ጀመረለት፤ ልክ ነው ያደረገው። ለእኔ የተሰጠኝ ትእዛዝ ውሻውን ለ10 ቀን አስሬ እንድጠብቅ፣ እንዳልገድለውና እንዳላሸሸው ነበር። ውሻ በሽታውን የሚያስተላልፍበት ደረጃ ላይ ከነበረ በእነዚያ 10 ቀናት ውስጥ ይታመማል ወይም ይሞታል፤ ጤነኛ ሆኖ ከቆየ ግን በዚያች ንክሻ አላስተላለፈም ማለት ነው። ሰው ተናድዶ የነከሰውን ውሻ ቀጥቅጦ ሲገድል ይህን ማወቂያ አብሮ ይገድላል። ልጁ በመጀመሪያው፣ በሦስተኛውና በሰባተኛው ቀን ክንዱ ላይ ተወጋ፤ ድሮ በሆድ ዙሪያ በየቀኑ ይወጋ የነበረውን መርፌ እያሰቡ የፈሩት አያቱ ናቸው። በ10ኛው ቀን ቦቢ እየበላ እየጠጣ፣ ጅራቱን እየቆላ ተገኘ፤ ሐኪሙም ቀሪውን ክትባት አቆመለት።

ውሻው የማይታወቅ ቢሆን ኖሮ ልጁ ሙሉውን ይጨርስ ነበር፤ ቤተሰቡም ወር ሙሉ እንቅልፍ አያገኝም። ይህ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚመለስ አይደለም፤ ከተነከሱበት ቀን ጀምሮ ብዙ ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ወር ተደብቆ ይቆያል። በዚያ መሃል «በውሻ የተለከፈን» ጠበልና የባህል መድኃኒት ብቻ ይዘው ቤት ያስቀመጡ ሰዎችን አውቃለሁ። ጠበሉን ማንም አይከለክልም፤ እኔም እጠመቃለሁ፤ መርፌው ግን በዚያው ቀን ይጀመር።

ስለ ካሳ ደግሞ እንዳትታለዪ። ማስመዝገብሽ ከኃላፊነት አያወጣሽም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ተጠያቂ ነው ይላል፤ በድንገት አምልጦም ቢሆን፣ ጉዳቱ ያልታሰበ ቢሆንም። እኔ የልጁን የሕክምና ወጪና የትራንስፖርት ሙሉውን ከፍያለሁ፤ ነገሩ ሽማግሌ ሳያስፈልገው በቡና አለቀ። አጥሬን ግን ከፍ አድርጌያለሁ፤ የብረት በሩ ላይም «ውሻ አለ» የሚል ተጽፏል። ተከራይ ስለሆንሽ አንቺም የቤት ኪራይ ውልሽ ላይ ውሻ ይዘሽ እንደምትገቢ ይጻፍ፤ በአፍ «ችግር የለም» ያለ አከራይ ጎረቤት ሲያማርር ቃሉን ይለውጣል። እድር ስትገቢም ውሻ እንዳለሽ ተናገሪ። ጎረቤት የሚያውቀው ውሻ በመድኃኒት ቀን «የእነ እገሌ ነው፣ አስገቡት» የሚለው ሰው አያጣም። የአንገት ማሰሪያም ግዢለት፤ ስልክሽን በማይለቅ ቀለም ጻፊበት።

መሃል ሜዳ ይዘሽው ስለመሄድ የጠየቅሽው ለእኔ ከሁሉም ይከብደኛል። እናቴ የመንዝ ሰው ነበረች። ከመሃል ሜዳ አጠገብ ያለው ጓሳ፣ የአካባቢው ሰው ለዘመናት በራሱ ሥርዓት ሣሩን እየጠበቀ ያቆየው ምድር ነው። እዚያ ቀይ ቀበሮ አለ። በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ሌላ የትም የለም፤ በመላው ኢትዮጵያም ያደጉት ተቆጥረው ከ500 አይበልጡም። ቀይ ቀበሮን ከሚጨርሱት ነገሮች ዋናው ከእኛ ውሾች የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። በ1996 ዓ.ም. በባሌ ተራሮች የዌብ ሸለቆ በሽታው ገብቶ ከነበሩት ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ያህሉን በጥቂት ወራት ውስጥ ፈጅቷል። ቀበሮዎቹ በቤተሰብ አብረው ስለሚኖሩ፣ አንዱ ሲለከፍ ሌላውም አብሮ ይለከፋል። ስለዚህ ውሻሽ ክትባቱ ያላለፈበት ካልሆነ እባክሽ ወደዚያ አትውሰጂው፤ ተከትቦም ቢሆን ከግቢ አይውጣ፣ ጓሳ ለመዝናናት ስትወጡም ቤት ይቅር። የዘመዶችሽ እረኛ ውሾችም ካልተከተቡ፣ የወረዳው የእንስሳት ጤና ሰዎች ክትባት የሚሰጡበትን ቀን ጠይቀሽ ብታስከትቢላቸው ከምትወስጂው ስጦታ ሁሉ ይበልጣል።

ለመንገዱ፣ የሕዝብ መኪና ሹፌሮች ውሻ አይጭኑም፤ ዕቃሽን በምትጭኚበት አይሱዙ ይምጣ ወይም የሚያውቅሽ ሰው መኪና ለምኚ። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ጠዋት ሳይበላ ይነሳ፣ ሲደርስ ብርዱ ስለሚከብደው ማደሪያው ላይ ጭድ አድርጊለት። ካርዱ አብሮሽ ኪስሽ ውስጥ ይሁን እንጂ ከዕቃው ጋር አትጫኚው።

የደብዳቤዬን ቅጂ ስሜንና የቤት ቁጥሬን ሸፍኜ ፎቶ አንስቼ እልክልሻለሁ፤ ስምሽንና የውሻውን መልክ ብቻ ቀይረሽ ትጽፊዋለሽ። እኔ ቦቢን የማስከትብበት ክሊኒክ ቀጣዩን የክትባት ቀን ሰኞ ሄጄ ጠይቄ እዚሁ እጽፍልሻለሁ።