«ጭንቀት የለብኝም፤ ጭንቅላቴ ግን ደክሞታል»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። 34 ዓመቴ ነው፤ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ከማንም አልጣላም፣ ሥራዬም ደህና ነው፣ ጭንቀት የለብኝም። ግን ጭንቅላቴ ደክሞታል። ከሰዓት በኋላ አንዱን ገጽ ሦስት ጊዜ አንብቤ አይገባኝም። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ እነቃለሁ። እናቴ የግፊት መድኃኒቷን ወስዳ ይሆን? አከራዬ ዘንድሮም ይጨምርብኝ ይሆን? ለአለቃዬ እንደዚያ ባልመልስለት ኖሮስ? እያልኩ ይነጋል። እሁድ ስተኛ ብውልም ድካሙ አይለቀኝም። ደም ተመርምሬ «ምንም የለብሽም» ተባልኩ። ምን ሆኜ ነው? (አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እህቴ፣ ጭንቀት የለብኝም ባሉበት ደብዳቤ ላይ ሦስት ጭንቀት ጽፈውልኛል። የእናትዎ ጤና፣ የቤት ኪራይ፣ የአለቃዎ ነገር። ልወቅስዎ አይደለም። ጭንቀት ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን የሚያለቅስ ወይም እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ነው። ሥራውን በሰዓቱ የሚያስረክብ፣ ለቤተሰብ ብር የሚልክ፣ ሲጠየቅ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» የሚል ሰው ተጨንቋል ብሎ የሚጠረጥር የለም። እሱም ራሱን አይጠረጥርም። ሆድ ይፍጀው ብሎ ያልፋል። በአፍ ያልወጣው ግን በሌላ በኩል ይወጣል። ትከሻ ይይዛል፣ ጨጓራ ያቃጥላል፣ ሌሊት ጥርስ ያፋጫል።

ድካሙን በሙያዎ ላስረዳዎት። አንድ ሂሳብ አልታረቅ ሲል የጎደለውን ሰነድ ካገኙ ሥራው ይሄዳል። ምንም ሰነድ ሳይጨምሩ ያንኑ መቶ ጊዜ ቢደምሩት ግን መልሱ ያው ነው፤ የሚጨምረው ድካም ብቻ ነው። ማሰብና ማብሰልሰል የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። ማሰብ ውሳኔ ላይ ያደርሳል። ማብሰልሰል እዚያው ያዞራል።

አእምሯችን በአንድ ጊዜ ይዞ ሊሠራበት የሚችለው ነገር ጥቂት ነው፤ አራት ገደማ። ሁለቱን የእናትዎ መድኃኒትና ኪራዩ ከያዙት ለገጹ ምን ይተርፋል? ስንፍና አይደለም። በ2022 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ በተደረገ ጥናት፣ ቀኑን ሙሉ ከባድ የአእምሮ ሥራ ሲሠሩ በዋሉ ሰዎች ላይ በአንጎል የፊት ክፍል ግሉታሜት የተባለ ንጥረ ነገር ተከማችቶ ታይቷል። ስለዚህ «ዝም ብሎ ስሜት ነው» የሚልዎትን አይስሙ።

የሌሊቱ መንቃትም ምክንያት አለው። ጥልቁ እንቅልፍ የሚበዛው በሌሊቱ የመጀመሪያ አጋማሽ ነው። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ ይሳሳል። ኮርቲሶል የተባለው የውጥረት ሆርሞንም ለንጋት ቀስ በቀስ ይነሳል። ሐሳብ የሌለበት ሰው ተገላብጦ ይተኛል። እርስዎን ግን ቀን ገፍተው ያሳለፉት ሁሉ ያኔ ያገኝዎታል።

ወደ ሕክምናው ከመግባቴ በፊት አንድ ጥያቄ አለኝ። «ደም ተመረመርኩ» ሲሉ የቱን? ተራው የደም ምርመራ ሁሉንም አያሳይም። የወር አበባዎ ከበዛ ፌሪቲን (የሰውነትን የብረት ክምችት የሚያሳየው ምርመራ) ይታይ፤ የደም ማነስ ሳይመጣ በፊት የብረት ክምችት ሊያልቅ ይችላል። የታይሮይድ (ቲኤስኤች) እና የስኳር ምርመራም ይጠይቁ። ጾም አጥብቀው የሚጾሙ ከሆነም ለሐኪሙ ይንገሩ። ቫይታሚን ቢ12 በተፈጥሮ የሚገኘው ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከዓሣና ከእንቁላል ስለሆነ ሊያንስዎት ይችላል፤ እሱም ያደክማል።

እነዚህ ደህና ከሆኑ ይህን ይሞክሩ። በየቀኑ ምሽት 12 ሰዓት ላይ ለ15 ደቂቃ ደብተር ይዘው ይቀመጡ። የሚያብሰለስልዎትን ሁሉ ይጻፉ፤ በስልክ ሳይሆን በእጅ። ከእያንዳንዱ ጎን ምን እንደሚያደርጉና መቼ እንደሆነ ያስፍሩ። ለምሳሌ «እናቴ፦ ሁልጊዜ ማታ 2 ሰዓት እደውላለሁ።» በእጅዎ ያልሆነውን ደግሞ «በእጄ አይደለም» ብለው ይጻፉበት። ለአለቃዎ የመለሱት መልስ እዚህ ይገባል። ሌሊት ሲነቁ ያ ሐሳብ ቀጠሮ እንዳለው ለራስዎ ይንገሩት። ወደ 20 ደቂቃ ያህል ካልተኙ ተነሥተው ደብዘዝ ባለ ብርሃን ይቀመጡ፣ እንቅልፍ ሲመጣ ይመለሱ። ስልኩን አይንኩ።

ቡናን ከ8 ሰዓት በኋላ ቢተዉት ይሻላል። ካፌይን ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት በአማካይ 5 ሰዓት ያህል ይፈጃል። 11 ሰዓት ላይ የጠጡት በረካ በመኝታዎ ሰዓት ገና በደምዎ ውስጥ ነው። የቡናው ወግ ግን አይቅርብዎ፤ እዚያ ላይ ለሚያምኑት አንድ ሰው «ኪራዩ አስጨንቆኛል» ማለት ይጀምሩ። ለብዙ ታካሚዎቼ ከሁሉም የከበደው ይህ ነው።

ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የሚያስደስትዎት ነገር ከጠፋ፣ ተስፋ ከቆረጡ ወይም የምግብ ፍላጎትዎ ከተለወጠ ግን ድባቴ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ይዩ። ሞትን የሚያስመኝ ሐሳብ ከመጣ ቀጠሮ አይጠብቁ፤ በዚያው ቀን፣ ሰው አስከትለው፣ አማኑኤል ወይም በአቅራቢያዎ ያለ ሆስፒታል ይሂዱ። ጸሎትና ጸበልም ከሕክምናው ጋር አብረው ይሄዳሉ፤ አንዱን ለማግኘት ሌላውን መተው የለብዎትም።